ቁስለኛን አይተው ያላለፉ ሐኪም

በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳና ስለ ወደቁ አንድ ፈቃደኛ ክርስቲያን



በአራዳና በፒያሳ የሚመላለስ ክርስቲያን ሁሉ የገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስን ካቴድራል ተሳልሞ፣ የሰማዕቱን የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ቀና ብሎ አይቶ ያልፋል። ካቴድራሉ የዐድዋን ድል ያስታውሰናል። ሐውልቱም ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት ስለ ተሠዉት አባት ይመሰክራል። ልጆቻችንን በእጃቸው ይዘን በዚያ ስናልፍ ይህን ብንነግራቸው የተገባ ነው።

ነገር ግን በዚያው ዓመት፣ ብፁዕነታቸው ከመሠዋታቸው ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በዚህችው ከተማ ጎዳና ላይ ደማቸው የፈሰሰ አንድ ሌላ ክርስቲያን ነበሩ። አገራቸው ኢትዮጵያ አልነበረችም፤ የተጠመቁባትም ቤተ ክርስቲያን የእኛ አልነበረችም። የመጡት ማንም ሳያስገድዳቸው ነው፤ በእጃቸው የያዙትም ፋሻና መድኃኒት ነበር። እኒህ ሰው እንግሊዛዊው ሐኪም ዶክተር ጆን ሜሊ ናቸው። የጣላቸው ጥይት ከወራሪው ጠላት ጠብመንጃ የወጣ ቢሆን ኖሮ ታሪካቸውን መተረክ በቀለለን ነበር። የተኮሰባቸው ግን በዚያ ቀን ከተማይቱን ይዘርፍ የነበረ የገዛ አገራችን ሰው ነው። ስለዚህ እኒህን ሐኪም ባነሣን ቍጥር ምስጋናና ኀዘን ተደባልቀው ይመጡብናል። ሁለቱንም ሳንሸሽ ልንቀበላቸው ይገባል ብለን ስላመንን ይህን ጽሑፍ ለቤተ ሰብ አቅርበናል።

ሐኪሙ ማን ነበሩ?

ዶክተር ሜሊ በ1898 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተወለዱ የሊቨርፑል ሰው ነበሩ። ገና በወጣትነታቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምተው በጀግንነታቸው ሚሊታሪ ክሮስ የተባለውን የእንግሊዝ ጦር ሜዳይ ተሸልመዋል። ሰው በሰው ላይ የሚያደርሰውን ጥፋት በዓይናቸው ካዩ በኋላ ግን የቀረውን ዕድሜያቸውን ለሕክምና ሰጡ፤ ተምረውም የቀዶ ሕክምና ዐዋቂ ሆኑ። በአገራቸው ተቀምጠው በዚህ ሙያ ብቻ በክብርና በምቾት መኖር ይቻላቸው ነበር። እርሳቸው ግን ሙያቸውን ለእግዚአብሔር አገልግሎት ሊያውሉት አስበው ዓይናቸውን ወደ ኢትዮጵያ መለሱ።

ሐሳባቸውም ጦርነቱ ሳይጀመር የታሰበ ነበር። ይኸውም በአዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል አቋቁሞ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ሕክምናን የሚማሩበት ትምህርት ቤት ማድረግ ነው። በዚያን ዘመን በከተማችን የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ ቤተ ሳይዳና ሌሎችም ጥቂት የሕክምና ቤቶች ነበሩ። ዘመናዊ ሕክምናን የተማሩ የአገር ልጆች ግን፣ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴንና ከአሜሪካ ተምረው የተመለሱትን ዶክተር መላኩ በያንን የመሳሰሉ፣ በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ዶክተር ሜሊ ይህን ተመልክተው፣ ባዕድ ሐኪም መጥቶ ሲሄድ የሚቀር ሥራ እንዳይሆን፣ ዕውቀቱ በአገሩ ልጅ እጅ እንዲገባ ፈለጉ። ይህ አሳብ ከልግስና ሁሉ የበለጠው ልግስና ነው። ዓሣ ሰጥቶ ከመመለስ ማጥመዱን ማስተማር ይሻላልና።

የፈቃደኞች ጥሪ

አገራችን ከባሕር ማዶ የሚመጡ ፈቃደኛ ሐኪሞችን ያየችው ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ አይደለም። በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የኦርቶዶክስ አገር የነበረችው የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞቿን ልካ ቁስለኞቻችን ታክመዋል። ያ መልካም ሥራ ለሕዝባችን የዘመናዊ ሆስፒታል ጅማሬ ሆኖለታል።

አርባ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ደግሞ ያው ጠላት ተመልሶ መምጣቱ በታወቀ ጊዜ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተመሠረተ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ለሠራዊታችን የሚበቃ የሕክምና ክፍል አልነበረም። አብዛኛው ወታደር ስንቁን አሸክሞ፣ ጠብመንጃውን አንግቶ፣ በባዶ እግሩ ነበር የዘመተው። ቢቈስል የሚያስታምመው ወንድሙ፣ አሽከሩ ወይም ተከትላው የዘመተች ሚስቱ ነበሩ።

ይህ በተሰማ ጊዜ ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከፊንላንድ፣ ከሆላንድ፣ ከግብጽና ከእንግሊዝ አገር የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ፈቃደኞች መጡ። በከተማችንም ሴቶች ማኅበር አቁመው ፋሻ ይቈርጡ፣ የመርዝ ጋዝ መከላከያ ከረጢት ይሰፉ ጀመር። ከእነርሱም መካከል ያን ጊዜ ገና የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የነበሩት ልዕልት ፀሐይ ይገኙ ነበር። ዶክተር ሜሊ ደግሞ በአገራቸው ገንዘብ አስለምነው፣ ጓደኞች ሰብስበው፣ በኢትዮጵያ የእንግሊዝ አምቡላንስ አገልግሎት የተባለውን ክፍል አደራጁ። ካሚዮንና ድንኳን፣ መድኃኒትና የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ጭነውም በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት መጡ። የሚመኙት ሆስፒታል ገና አልተሠራም። ሆኖም የመጣው መከራ ሆስፒታሉን በድንኳን ውስጥ እንዲጀምሩት አስገደዳቸው።

የዕለት ኑሯቸው

ሰው ስለ ጦር ሜዳ ሲሰማ የሚታየው ጀብዱው ነው። የፈቃደኛው እውነተኛ ኑሮ ግን በአብዛኛው በጥቃቅን ድካም የተሞላ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ፣ ከደሴም በወልድያና በቆቦ አድርጎ እስከ አላማጣና ኮረም ያለው መንገድ ያን ጊዜ ለመኪና ገና እየተቀየሰ ነበር። ካሚዮኖቹ በጭቃ ይሰምጣሉ፤ ሰዎቹ ወርደው ድንጋይ ያነጥፋሉ፤ ይገፋሉ፤ እንደ ገናም ይሳፈራሉ። በቀን አይሮፕላን ስለሚያስፈራ ብዙ ጊዜ ጉዞው በሌሊት ነበር።

ከሰፈሩም በኋላ ሥራው ውኃ ከመቅዳትና ከማፍላት ይጀምራል። የቀዶ ሕክምና ዕቃ ካልተቀቀለ አይነካምና፣ ማገዶ ከጠፋ ሕክምናው ራሱ ይቆማል። ከድንኳኑ ደጃፍ የሚሰለፈው ጥይት የመታው ወታደር ብቻ አልነበረም። ወባ የያዘው፣ ዓይኑን የታመመ፣ የቆየ ቁስል ያመረቀዘበት፣ ልጇን ያዘለች የአገሬው ባላገር ሁሉ ይመጣ ነበር። በወገኑ ጀርባ ወይም በቃሬዛ ብዙ ቀን ተጕዞ የደረሰ ቁስለኛ፣ ቁስሉ ትል አውጥቶ ይገኛል። ይህን ሁሉ ማጠብ፣ ማሰር፣ በማግሥቱም ፈትቶ እንደ ገና ማሰር የፈቃደኛው የዕለት ጸሎት ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። በአጠገባቸውም የኢትዮጵያ ልጆች አስታማሚና አስተርጓሚ ሆነው ይሠሩ ነበር። ዶክተር ሜሊ የተመኙት ትምህርት ቤት፣ ጥቍር ሰሌዳ ሳይኖረው፣ በዚህ ዓይነት መጀመሩን ማስተዋል ይገባል።

ከሁሉ የከፋው ግን የሰናፍጭ ጋዝ ተብሎ የሚጠራው መርዝ ነበር። ይህ መርዝ ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ እንደ ዘይት ያለ ፈሳሽ ነው። ከአይሮፕላን ሲረጭ በሣሩ፣ በውኃው፣ በልብሱ ላይ ይቀራል። የነካው ሰው ወዲያው አያመውም፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ቆዳው ይላጣል፣ ያብጣል፣ ውኃ ይቋጥራል፤ ዓይኑ ይታወራል፤ ወደ ሳንባው ከገባም ትንፋሹን ያሳጥረዋል። በባዶ እግሩ በሣር ላይ ለሚሄደው፣ ሸማውን አጣፍቶ ለሚተኛው ወታደራችን ይህ ምን ያህል ክፉ እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። የሚሻለው ልብሱን ቶሎ አውልቆ በብዙ ውኃና ሳሙና መታጠብ ነበር፤ ይሁን እንጂ በዚያ አገር ውኃም ሳሙናም ከየት ይምጣ? ይህን መርዝ በጦርነት ላይ ማዋል በ1925 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በጄኔቭ በተደረገው ውል ተከልክሎ ነበር፤ ኢጣልያም ከፈራሚዎቹ አንዷ ነበረች። የእንግሊዝ አምቡላንስ ሐኪሞች በመርዙ የተቃጠለውን ሰው በየቀኑ እያጠቡና እያሰሩ የበደሉ ምስክሮች ሆኑ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ ለዓለም መንግሥታት አቤት ባሉ ጊዜ የተናገሩት ይህንኑ መከራ ነበር።

መስቀሉ ያላስጣለበት ጊዜ

በድንኳኖቻቸው ላይ የቀይ መስቀል ምልክት ጎልቶ ይታይ ነበር። በሕገ ዓለም መሠረት ያ ምልክት ያለበት ስፍራ አይመታም። ሆኖም ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በቦምብ ስትደበደብ በዚያ የነበረው ሆስፒታል ተመታ። ታኅሣሥ 20 ቀን በደቡብ በኩል በመልካ ዲዳ የነበረው የስዊድን አምቡላንስ ተደብድቦ ብዙ ሕሙማን አለቁ፤ ጉናር ሉንድስትረም የተባለው ስዊድናዊ አስታማሚም ሞተ። በዚያው ወር በኦጋዴን በደጋሐቡር አሜሪካዊው ወጣት ሐኪም ዶክተር ሮበርት ሆክማን፣ ሳይፈነዳ የቀረ ቦምብ ሰው እንዳይጎዳ ሊያከሽፉ ሲሉ ፈንድቶባቸው አረፉ። የካቲት 25 ቀን ደግሞ ተራው የዶክተር ሜሊ ሆነና በኮረም አጠገብ የነበረው ሰፈራቸው በአይሮፕላን ተደበደበ፤ ድንኳኑ ተቃጠለ፤ ለመዳን ከመጡት ሕሙማንም የሞቱ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ወደ አገራቸው ቢመለሱ ማንም ባልነቀፋቸው። እነርሱ ግን ከቃጠሎው የተረፈውን ዕቃ ለቅመው፣ ከአይሮፕላን ዓይን ተሰውረው ሥራቸውን ቀጠሉ። መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ጦርነቱ በእኛ ላይ ከተደመደመ በኋላም ከተመላሹ ሠራዊት ጋር እያከሙ ወደ አዲስ አበባ ወረዱ።

ሦስቱ የሚያዝያ ቀኖች

ሚያዝያ 23 ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስ ዓመታዊ በዓል ነው። በማግሥቱ፣ ሚያዝያ 24 ቀን ገና ሳይነጋ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከተማይቱ ያለ ጠባቂ ቀረች። ዘበኛው ተበተነ፤ ከጦር ሜዳ የተመለሰው ወታደር ተርቦ ተቈጥቶ ነበር፤ የጦር መሣሪያው በየሰው እጅ ነበር፤ የመጠጥ መጋዘኖች ተሰበሩ። ወዲያውም ዘረፋው ተነሣ።

ያን ጊዜ የከተማይቱ ገበያ አራዳ ነበረ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ዙሪያ የአርመኑ፣ የግሪኩ፣ የህንዱ፣ የዐረቡና የአገሬው ሱቅ ተደርድሮ ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ሱቆች ተሰበሩ፤ ቤቶች ተቃጠሉ፤ ትናንት በእድርና በንግድ የሚተዋወቅ ሰው ዛሬ ተኳኰሰ። ሕዝቡ ሁሉ ዘራፊ ነበር ማለት ግፍ ነው፤ በሩን ዘግቶ የሚጸልየው ብዙ ነበርና። ነገር ግን ዘራፊዎቹ ከሰማይ የወረዱ አልነበሩም ብሎ መናገርም እውነት ነው። በእንግሊዝ ለጋሲዮን ብቻ ከሺህ የሚበልጡ ስደተኞች ተጠለሉ።

በዚህ ጊዜ በአጥር ውስጥ መቀመጥ ለሚችል ሁሉ መቀመጡ ጥበብ ነበር። ዶክተር ሜሊ ግን ካሚዮናቸውን እያስነዱ የቈሰለውን ከጎዳና ላይ ያነሡ ነበር። የሚያነሡት ሰው ማን እንደ ሆነ አይጠይቁም። የተዘረፈ ይሁን የዘረፈ፣ ተኩሶ ይሁን ተተኩሶበት፣ ደሙ ከፈሰሰ ለእርሳቸው ሕመምተኛ ነበር።

ሚያዝያ 25 ቀን ዕለቱ እሑድ፣ ወቅቱም ዘመነ ትንሣኤ ነበር። ዶክተር ሜሊ አንድ የወደቀ ቁስለኛ አይተው ሊያነሡ ባቆሙበት ስፍራ አንድ የሰከረ ዘራፊ ተኩሶ ደረታቸውን መታቸው። ጓደኞቻቸው አንሥተው ሊያድኗቸው ደከሙ፤ አልሆነም። ሚያዝያ 27 ቀን፣ ወርኃዊው የመድኃኔ ዓለም በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ አርባ ዓመት ሳይሞላቸው አረፉ። በዚያው ቀን የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ዳኝነትና ሥርዓት ሊያመጣ እንደ መጣ የሚናገረው ያ ጦርም ዓመት ሳይሞላው፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም.፣ በዚህችው ከተማ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ፈጀ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስንም ካቴድራል አቃጠለ።

ይህ ታሪክ እኛን ስለ ምን ይመለከተናል?

በሉቃስ ወንጌል በዐሥረኛው ምዕራፍ ጌታችን ያስተማረውን ምሳሌ የማያውቅ ክርስቲያን የለም። በወንበዴዎች እጅ የወደቀውን ሰው ካህኑም ሌዋዊውም አይተው አለፉት። የቆመለት ከወገኑ ያልሆነ፣ በሃይማኖቱም የተናቀ ሳምራዊ ነበር። ይህን ምሳሌ በቤተ ክርስቲያን ስንሰማ ሁልጊዜ ራሳችንን በሳምራዊው ስፍራ እናኖራለን። ዶክተር ሜሊ የወደቁበት ቀን ግን ነገሩን ገልብጦ ያሳየናል። በዚያ ቀን የቆመው ባዕዱ ነበር፤ ወንበዴው ደግሞ ከእኛ ወገን ነበር። ከዚህ የሚከብደው ነገር፣ ሳምራዊው ራሱ ቁስለኛ ሆኖ መውደቁ ነው።

አንዳንድ ሰው «የአንድ ሰካራም ጥፋት ለምን ይነሣል? ያፈረ ይሸፍን» ይል ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ወንድማችን የምንመልስለት እንዲህ ነው። የተኳሹን ስም አንፈልግም፤ በእርሱም ላይ አንፈርድም። ነገር ግን ሰው በአንድ ሌሊት ወንበዴ አይሆንም። ጠባቂ ባለበት ቀን ብቻ ሐቀኛ የሆነ ሰው፣ ጠባቂ የሄደ ዕለት እውነተኛ መልኩ ይገለጣል። እንዲሁም ሰው በአንድ ሌሊት ሳምራዊ አይሆንም። ዶክተር ሜሊ በዚያ እሑድ ካሚዮናቸውን ያቆሙት በኮረም ድንኳን ውስጥ በየማለዳው የሸተተውን ቁስል ማጠብ ለምደው ስለ ነበር ነው። ታላቁ ቀን ሲመጣ የሚታየው በታናናሹ ቀን የተለመደው ነው። ልጆቻችንን በቤት ውስጥ የምናስለምዳቸው ምንድር ነው ብለን ራሳችንን የምንጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የሞቱበት አሳብ አለመሞቱ

የዶክተር ሜሊ ሆስፒታል በእርሳቸው እጅ ሳይሠራ ቀረ። አሳቡ ግን ፍሬ ሳያፈራ አልቀረም። ፋሻ ሲቈርጡ ያየናቸው ልዕልት ፀሐይ በስደት በእንግሊዝ አገር ሳሉ በለንደን በታላቁ የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው የአስታማሚነት ሙያ ተማሩ። የንጉሥ ልጅ ሆነው ሳለ የሕፃናትን አልጋ ማንጠፍና ሕመምተኛ ማጠብ አላፈሩበትም። ከድሉ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በደሴ ሕሙማንን አገለገሉ፤ ባል አግብተው ወደ ወለጋ ከሄዱ በኋላም ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በነቀምት በወጣትነታቸው አረፉ። ለመታሰቢያቸው የተሠራው የልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ከጊዜ በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆኗል።

በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ። በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ። ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በገዛ ከተማቸው ሐኪም የሚሆኑበት ቀን መጣ። ዛሬ ከአራዳ ወጥቶ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚሄድ ሕመምተኛ የአገሩ ልጅ በገዛ ቋንቋው አነጋግሮ ያክመዋል። ይህን ስናይ፣ ከዚህ ቀደም ይህን ሕልም ይዘው ከሩቅ የመጡ ሰው እንደ ነበሩ ማስታወስ ውለታ አለመርሳት ነው።

በቤታችን ምን እናድርግ?

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢዋ ብዙ የቆዩ ሰፈሮች ለከተማ ልማት ሲፈርሱ፣ ለብዙ ዘመን በአንድ ግቢ ቡና ይጠጣ የነበረ ጎረቤት ወደየአቅጣጫው ተዛወረ። እድርተኛው ከእድርተኛው፣ የጽዋ ማኅበርተኛው ከማኅበርተኛው ተራራቀ። ቀድሞ «የእገሌ እናት ታመመች» የሚለው ወሬ በአጥር ላይ ይተላለፍ ነበር። አሁን ጎረቤት በደረጃ ላይ ተላልፎ ስሙን የማይተዋወቅበት ጊዜ ነው። አይቶ ማለፍ ከቀድሞው ይልቅ ቀሏል። ስለዚህ ቤተ ሰብ ሁሉ ሊፈጽማቸው የሚቻለውን ጥቂት ነገሮች እናመለክታለን።

አንደኛው ቁስለኛን መርዳት መማር ነው። በመንገድ ላይ መኪና የገጨው ሰው ሲወድቅ ብዙ ሕዝብ ይከበዋል፤ የሚነካው ግን ይጠፋል። አንዱ እንዴት እንደሚረዳ አያውቅም፤ ሌላው «ምስክር ሆኜ ፖሊስ ጣቢያ እመላለሳለሁ» ብሎ ይፈራል። ደም በብዛት የሚፈስበትን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫንና ሳይለቁ መቈየት የሰውን ሕይወት ያድናል፤ ለዚህም የዶክተርነት ትምህርት አያስፈልግም። አንገቱ ወይም ጀርባው የተጎዳ የሚመስለውን ሰው ግን አደጋ ካላስፈራ በቀር ሳያንቀሳቅሱ አምቡላንስ መጥራት ይሻላል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ የሚጠራበት የስልክ ቍጥር 907 ነው። ይህን ቍጥር በቤቱ ግድግዳ ላይ መጻፍ፣ ልጆችንም በቃል ማስያዝ ደግ ነው። ማኅበሩም የመጀመሪያ ዕርዳታ ትምህርት ይሰጣል፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በቡድን ሆነው ቢማሩት መልካም ነው።

ሁለተኛው ደም መለገስ ነው። ጤነኛ የሆነ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው በየሦስት ወሩ ግማሽ ሊትር የማይሞላ ደም ሊሰጥ ይችላል፤ ሰውነቱም መልሶ ይተካዋል። በወሊድ ጊዜ ደም ለሚፈሳት እናት፣ በመንገድ አደጋ ለወደቀ ወጣት ይህ ስጦታ ሕይወት ነው። ሰጪው ተቀባዩን አያውቀውም፤ ወገኑ ይሁን ባዕድ፣ ወዳጁ ይሁን ጠላቱ አይጠይቅም። የሳምራዊው ሥራ ከዚህ በላይ በምን ይመሰላል?

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚቀለው፣ ከሁሉም የሚረሳው፣ የታመመውን መጠየቅ ነው። ጌታችን በመጨረሻው ቀን ከሚጠይቀን ጥያቄ አንዱ ይህ እንደ ሆነ በማቴዎስ ወንጌል ተጽፏል። ወላጆች ሕመምተኛ ለመጠየቅ ሲሄዱ ልጆቻቸውን ይዘው ይሂዱ። ልጁ ውኃ ያቀብል፣ የአሮጊቷን ትራስ ያስተካክል፣ የሽታውንና የማቃሰቱን ነገር ይልመደው። ከቁስል ፊቱን ሳያዞር ያደገ ልጅ፣ ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ በዘረፋው መካከል ሳይሆን በቃሬዛው አጠገብ ይገኛል።

ውድ አንባብያን፤ ክፉ ቀን በአገር ላይ ሲመጣ ደወል ደውሎ አይመጣም። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 23 ቀን ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክብረ በዓል በአራዳ ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል፣ በማግሥቱ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያ በዓል ሁለት ቀን በኋላ ግን አንዱ ሰው ገዳይ፣ ሌላው ሰው ሐኪም ሆኖ ተገኘ። ለእኒያ ከሩቅ አገር መጥተው ስለ እኛ ቁስለኛ ለሞቱት ሰው ልንከፍላቸው የምንችለው ውለታ አንድ ነው፤ ይኸውም የወደቀውን አይቶ የማያልፍ ትውልድ በየቤታችን ማሳደግ ነው። ለዚህም አምላከ ቅዱስ ጊዮርጊስ ይርዳን። አሜን።